ቁልፍ የሞላባት ትንሿ ኩባያ

ደህና ዋልሽ ሙሽርዬ? ተይ፣ አትነሺ። ስፒሉንም ከአፍሽ አታውጪው፤ ዛሬ ወሬውን እኔ እችለዋለሁ። ወንድሜ ደህና ነው? የስፌት መኪናሽ ድምፅ ከታች ከደረጃው ይሰማል፤ ሲሠሩ መዋል ደስ ይላል መቼም። እኔማ ይህችን የባለቤቴን ሱሪ ላሳጥር ብዬ ነው ብቅ ያልኩት። አታስቸኩልም፤ እሱ እንደሆነ ከአሁን በኋላ አያድግም። ቤታችን ውስጥ የማያድገው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ…

ልጄን? እቅፌ ውስጥ ተኝቷል፣ አትግለጪው። አምስት ሳምንት ሞላው እኮ። የዛሬ ልጆች እንቅልፍ ይወዳሉ፤ ጡት አፋቸው ሲገባማ ጭራሽ ነው የሚያንቀላፉት… ሁሉንም ልጆች ማለቴ ነው።

አንዲት የማውቃት ሴትዮ አለች። ስም አልጠራም፣ ሐሜት አልወድም። ቤታችን አንድ ነው፣ ፊታችንን የምናይበት መስታወትም አንድ ነው፤ ከዚህ በላይ ከነገርኩሽ ታውቂያታለሽ። መቼም አዋቂ ናት። ጤና ጣቢያ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለእናቶች ጡት ማጥባት ስታስተምር የኖረች። ከጨርቅ የተሰፋ አሻንጉሊት አላት፤ እሱን ታቅፋ፣ "አያችሁ? እንዲህ ነው፤ ምን ይከብዳል?" ትላለች። እውነቷን ነው። አሻንጉሊቱ በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሏት አያውቅም። ትን አይለው፣ አያለቅስ፣ ኪሎ አይቀንስ… እንዲህ ያለ ልጅ ማን ያገኛል?

ምክሯ ደግሞ አንድ ነበር፣ ለሁሉም የሚበቃ። "ችግሩ ከልጁ አይደለም፤ እናት ከተረጋጋች ልጅ ይጠባል።" አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይሉ የለ? ሕፃናቱ አፋቸውን አልከፍት ሲሉ እሷ የራሷን ትከፍትላቸው ነበር። ያኔ ጭንቅላቷ ታይቶ ይሆናል፤ እኔ ግን አላየሁም፣ በጣም ቅርብ ነበርኩ።

አንድ ጊዜማ የሦስት ሳምንት አራስ፣ የገዛ ወንድሟ ሚስት፣ እርዳታ ፍለጋ መጣችላት። ታውቂያት ይሆናል። ልጁ ጡት አልይዝ ብሏት ወተቷን እያለበች በትንሽ ኩባያ ታጠጣው ነበር። ሴትዮዋ ምን ብትላት ጥሩ ነው? በአሥራ ሁለት እናቶች ፊት፣ "ልጁ እንግዳ ነው እንዴ በኩባያ የሚቀርብለት? እናት ትዕግሥት ስታጣ ልጅ ጡት ያጣል።" ሰው ሁሉ ሳቀ። አራሷ ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ ወጣች። ደግነት አይደለም? ቤቷ ድረስ ሄዳ ከምታስለቅሳት እዚያው ጨረሰችላት።

በሩ ላይ ያየሁት ጫማ የዚያ ልጅ ነው? ይኼን ያህል? በኩባያ ያደገ እግር እንዲህ ይረዝማል እንዴ…

ታዲያ ሴትዮዋ ራሷ ወለደችልሽ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። የሷ ላም እዚሁ ደረቷ ላይ ናት፣ ወተቱም ሸሚዟን ሲያርሰው ይታያል፤ የጠፋው ጠጪ ነው። ልጁ ሁለት ጊዜ ይስብና ትን ይለዋል፣ በአፍንጫው ይመልሰዋል፣ ከዚያ ደክሞት ይተኛል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አሉ፤ እሷ ቤት ጡትም አልገባ አለ። እሷ ግን የምትበገር መሰለሽ? አሻንጉሊቱን ከሥራ ቦታ አምጥታ ልጇ ፊት አጠባችው። እንዲያይ ነው፤ እንዲቀና። ልጁ አየት አየት አደረገና አዛጋ።

ደግሞ ሰው እንዳያይባት ብላ ራሷ መዘነችው… ከነብርድ ልብሱ፣ ከነረጠበ ዳይፐሩ። ረስታ ነው እንበል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ልብሱን አውልቁ" ስትል የኖረች ሴት እንዴት አትረሳ? ሦስት መቶ ግራም ጨመረ ብላ ለባሏ ደወለች፤ ምስኪኑ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አወራ። ትናንት ሰኞ፣ ራሷ ያስተማረቻት አንዲት ነርስ ዳይፐሩን አውልቃ ብትመዝነው ቀንሷል። ነርሷም አንገቷን ልክ እንደ አስተማሪዋ ዘንበል አድርጋ፣ "እትዬ፣ ችግሩ ከልጁ አይደለም፤ እርስዎ ይረጋጉ" አለቻት። ትምህርት እንዲህ ሲገባ ደስ አይልም?

ሐኪሙ ደግሞ ቁርጡን ነገራት። ለጊዜው ወተቷን እያለበች በትንሽ ኩባያ ትስጠው፤ እስከ ሐሙስ ኪሎ ካልጨመረ ሆስፒታል ይተኛል፣ በአፍንጫው ቱቦ ይገባለታል። በኩባያ ማጠጣት ታውቂያለሽ አይደል ሲላት፣ እንዴታ አለችው። ምን ትበለው? ቤት ገብታ ብትሞክር ግማሹ አንገቱ ሥር ገባ፣ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ቀረ። ኩባያ አጥታ አይደለም፣ ቁም ሣጥኗ ሞልቷል። እጅ ነው ያጣችው። ምን ያህል እንደሚያዘነብሉት፣ ከንፈሩ ላይ የት እንደሚያሳርፉት፣ እስኪውጥ እንዴት እንደሚጠብቁት… ይህን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት ያለቻት፤ እሷንም ትዕግሥት የለሽ ብላ አባርራታለች።

ያቺ መደርደሪያው ላይ ያለችው፣ የልብስ ቁልፍ የሞላባት ኩባያ… ያቺው ናት አይደል? አልጣልሻትም።

እኔማ ለሴትዮዋ፣ ሄደሽ እግሯ ላይ ውደቂ አልኳት። ምን ብዬ እገባለሁ አለችኝ። ሱሪ ይዘሽ ግቢ አልኳት።

አፍራለች ሙሽርዬ። በጣም አፍራለች። ጠዋት ሁለት ጊዜ ደረጃው ሥር ደርሳ ተመልሳለች። ልጁ ግን ምን አጠፋ? የሱ እናት አፏን ስትከፍት እሱ አልተወለደም ነበር።

ምን ልታደርጊ ነው? ቁልፎቹን ለምን ዘረገፍሻቸው?… ቆይ፣ ኩባያዋን እኔ ልጠባት። ሳሙናው የት ነው? ግለጪው፣ አሁን ግለጪው፤ ነቅቷል። ቀስ ብለሽ አሳዪኝ… ለሴትዮዋ እንድነግራት ነው።

እጅሽ ይባረክ። ልጅሽ ይደግልሽ፣ ወግ ማዕረጉን ያሳይሽ። ስፒሉን አሁን አውጪውና አሜን በይልኝ፤ ያችንም ሴትዮ እንመርቃት እንጂ፣ እሷም እናት ናት። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣት። በጨነቃት ቀን ሁሉ ደግሞ፣ ልክ እንደ ራሷ ያለች መካሪ አያሳጣት።