መዳፍና አንዲት ጠብታ ደም

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት በኅዳር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከጎፋ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ሳዘግም ጎረቤቴን አቶ ወጋየሁን አገኘኋቸው። የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሲናን በጋቢ ጠቅልለው አቅፈዋታል። ሕፃኗ ከእናቷ ጋር መተሐራ ሰንብታ ከተመለሰች አሥር ቀኗ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ገላዋ ይፋጃል።

«ወባ ናት፤» አሉኝ። «መዳፌን ግንባሯ ላይ እንዳሳረፍሁ ዐወቅኋት። ክኒኑም ኪሴ ውስጥ ነው። እናቷ ግን ሳትመረመር አትውጥም ብላ አለቀሰችብኝ፤ ለእርሷ ዕንባ ስል ወደ ክሊኒኩ መሄዴ ነው።»

አብሬያቸው ሄድሁ። አቶ ወጋየሁ በወጣትነታቸው አሥራ ስምንት ዓመት በቆላ ቤት ለቤት እየዞሩ የትንኝ መድኃኒት የረጩ ሰው ናቸው። ትኩሳት ባዩበት ሁሉ የወባ ክኒን መስጠትን የለመዱት ያን ጊዜ ነው። መመርመሪያ በሌለበት በረሃ ያ ልማድ ብዙ ነፍስ አድኖ ይሆናል፤ በሰፈራችን ግን ከሙያነት ይልቅ ወደ ኩራት አድልቶ ነበር። ይህን የምለው ስለማከብራቸው ነው።

የተቀበለችን ነርስ ጸደንያ የሰፈራችን ልጅ ናት። የክብሪት እንጨት የምታክል ቀጭን ወረቀት አወጣች።

«ለሙከራ የመጣልን አዲስ የወባ መመርመሪያ ነው፣ አባባ። አንዲት ጠብታ ደም ይበቃዋል።»

ሲና መርፌውን ስታይ ጣቶቿን ጨብጣ በአያቷ ብብት ሥር ሸሸገች። ሽማግሌው የራሳቸውን ጣት ዘረጉ። «እኔን አስቀድሚ።» ሲወጉ ፊታቸው አልተለወጠም። ሲና ይህን አይታ ጣቷን ሰጠች፤ ጸደንያም ሌላ አዲስ መርፌ ፈታች።

«አሥር ደቂቃ እንጠብቃለን። ጋሼ ምትኩ፣ ሰዓቱን እርስዎ ይያዙልን።»

ሰዓቴን ከኪሴ አወጣሁ።

«እኔ በአሥራ ስምንት ዓመት የተማርሁትን ይህች ወረቀት በአሥር ደቂቃ ልትነግረኝ ነው?» አሉ አቶ ወጋየሁ።

«እጅዎ ትኩሳትን አይስትም። ከየት እንደመጣ ግን መዳፍ አያውቅም፣ አባባ። የሕፃን ገላ በወባም፣ በሳንባ ምችም፣ በጆሮ ሕመምም ይግላል።»

«ወረቀቷስ አትሳሳትም?»

«ትሳሳታለች።»

ይህን መልስ እሳቸውም እኔም አልጠበቅንም።

«ወባ ካለባቸው ሕፃናት ጥቂቶቹን ልታልፍ ትችላለች፤ ይልቁንም ተሐዋሲው በደም ውስጥ አነስተኛ ሲሆን። በቅርቡ ታክሞ የዳነውን ደግሞ ገና ታማሚ ነው ልትል ትችላለች። ስለዚህ በማይክሮስኮፕም እናያለን፤ ልጅቷን ራሷንም እንመረምራለን።»

«መሳሳቷን ካወቅሽ ታዲያ ምን አስመካሽ?»

«ስንት ጊዜ እንደምትሳሳት የሚቆጥር መኖሩ። የእርስዎን እጅ ስሕተት ማን ቆጠረው?»

አቶ ወጋየሁ ሳቅ አሉ። «በሕፃንነትሽ ያን መራራ ክኒን ስላዋጥሁሽ ቂምሽን እየተወጣሽ ነው።»

«ምሬቱ ዛሬም ምላሴ ላይ አለ። ያኔ የታመምሁት ግን ጉሮሮዬን ነበር፤ እናቴ አክብራዎት ሳትነግርዎ ቀረች።»

ሽማግሌው የሲናን ጋቢ አስተካከሉ።

ደቂቃው ሞላ። በወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ብቻ ታየ፤ እርሱም መመርመሪያው መሥራቱን የሚያስረዳ ነው። የወባው መስመር አልወጣም። ቆይቶ የመጣው የማይክሮስኮፕ ውጤትም ከዚህ ጋር ተስማማ። ጸደንያ የሲናን ቀሚስ ገልጣ፣ በእኔ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሿን ቆጠረች።

«ሃምሳ አራት። ለዕድሜዋ አርባም ብዙ ነው። ደረቷንም አዳምጫለሁ፤ የሳንባ ምች ነው። መድኃኒቱን ዛሬውኑ ትጀምራለች። ትኩሳቱ በሁለት ቀን ካልበረደ መልሰው ያምጧት፤ ደሟን ደግመን እናያለን።»

«ክኒኔን ሰጥቼ ብጠብቅስ ኖሮ?»

«እርስዎ ወባውን ሲጠብቁ ሳንባዋ ይጎዳ ነበር።»

አቶ ወጋየሁ በወረቀት የተጠቀለለውን ክኒን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ለሕፃን እንዲመጥን ከሁለት የከፈሉት ግማሽ ነበር። «የቀረው ቤት በቆርቆሮ ውስጥ አለ፤ ነገ አመጣልሻለሁ።»

ወገኖቼ፣ ምርመራ ጥቅሙ ወባን ማግኘቱ ብቻ አይደለም። ወባ አለመሆኑን ሲነግረንም እውነተኛውን ሕመም እንድንፈልግ ጊዜ ይሰጠናል፤ መድኃኒቱም ለሚያስፈልገው ሕፃን ይተርፋል። ፍቅራችን እንዳይሳሳት የሚጠብቀው ይህን የመሰለ ትዕግሥት ነው።

በሳምንቱ ሲና በደጃቸው ስትጫወት አገኘኋት። ትንሿን መዳፏን በአያቷ ግንባር ላይ አሳርፋ «አሞሃል፣ አባባ፤» አለቻቸው።

«ሊሆን ይችላል፣» አሉ ጎንበስ እንዳሉ፣ «ሄደን ጸደንያን እንጠይቃት።»