ዳማው ለምን አሻፈረኝ አለ

አረፍ በሉና ስሙኝማ፤ በአዊ ደጋ፣ በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ፣ እትዬ ጠጂቱ ኮርቻና የፈረስ መኖ የሚሸጡባት፣ ጓሮዋም የፈረስ መግሪያ የሆነች ሱቅ አለች፤ ዕለቱ ዓርብ ረፋድ ነው፣ አቶ አንዳርጌም ዳማ ፈረሱን ደጅ አስሮ፣ ሱሪው እንደጨቀየ ገብቶ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ልጓም ካልሸጥሽልኝ እያለ ነው።

አንዳርጌ፦ ሽጭልኝ አልኩሽ እኮ፣ እትዬ! ሱቅ ነው የከፈትሽው ወይስ ቤተ መዘክር?

ጠጂቱ፦ ሱቅ ነው። ገብስ አለ፣ ፉርሽካ አለ፣ ድርቆሽ አለ፣ ኮርቻም አለ። ያ ጥርስ ያለው ልጓም ግን አይሸጥም።

አንዳርጌ፦ ታዲያ ለምን ተሰቀለ?

ጠጂቱ፦ እንዲታይ ነዋ። ሟቹ ባለቤቴ በጉልምስናው የሠራው ነው። ኋላ የአንዱን ፈረስ ምላስ ሲቆርጥ አየና፣ “ለማንም እንዳትሸጪው፣ እንዳትጥይውም፤ ጥጋቤን እያየሁ ልኑር” ብሎ በገዛ እጁ ሰቀለው።

አንዳርጌ፦ እንግዲያው ለዚህ ለደጁ ጥጋበኛም ይውረድለት። ዛሬ ጠዋት እንደ ጆንያ አራገፈኝ። ሱሪዬን አታይም?

ጠጂቱ፦ አየሁት እንጂ። ፊት ለፊቱ ንጹሕ ነው፣ የጨቀየው መቀመጫው ብቻ። ወግ ያለው አወዳደቅ ነው የወደቅኸው።

አንዳርጌ፦ ቀልጂ አንቺ! ሦስት ሳምንት ጓሮሽ አስቀምጠሽ “በፍቅር እየገራሁት ነው” አልሽኝ። ረቡዕ ማታ ወሰድኩት። ትናንት ጣለኝ። ዛሬም ከአጥሬ ሳላልፍ ደገመኝ። በፍቅር መግራት ማለት ይኼ ነው?

ጠጂቱ፦ እኔ ዘንድ ሳለ ማንን ጣለ? ማክሰኞ እኔ አሮጊቷ በራሴ ኮርቻ ወጥቼበት ወፍጮ ቤት ደርሼ መጣሁ። ወፍጮው ያጓራል፣ እሱ ቆሞ ያላምጣል።

አንዳርጌ፦ አንቺማ ምን ትከብጃለሽ! ላባ ነሽ።

ጠጂቱ፦ ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ባለወፍጮው ወጣበት። እሱን ሚዛን ላይ ብትሰቅለው የሚበጠሰው ሚዛኑ ነው። ዳማው ግን እንደ ሙሽራ አለዝቦ ይዞት ዞረ።

አንዳርጌ፦ እንግዲህ የሚጠላው እኔን ነዋ! ይጥላኝ፣ ግድ የለም። እሑድን ብቻ ይታገሠኝ። ሠርጉን ረሳሽው እንዴ? የትርንጎን?

ጠጂቱ፦ የሟቹን ወንድምህን የአለኸኝን ልጅ ሠርግ እረሳለሁ? የአጃቢዎቹ ፈረሶች የሚበሉት ገብስ እኮ ከዚሁ ነው የተሰፈረው።

አንዳርጌ፦ ታዲያ የመንደራችንን ሥርዓት ታውቂያለሽ። ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ተነሥታ ወንዙ እስክትደርስ ከፊቷ የሚሄደው የአባቷ ፈረስ ነው። አባቷ ከሌለ አጎቷ ይወጣበታል። የእኛ ፈረስ ካልሄደ ግን የወንዙ ማዶ ሰዎች ፈረሰኛ ፊት ይቀድማል። ትናንት ስወድቅ ያየ ሰው ወሬውን አሻግሮላቸው፣ ዛሬ በጠዋቱ ሽማግሌያቸው “ካስቸገራችሁ እኛው እንመራታለን” ብሎ ላከብኝ። ገባሽ? ወገን እንደሌላት፣ ከሜዳ እንደተገኘች!

ጠጂቱ፦ እሷስ ምን ትላለች?

አንዳርጌ፦ “አጎቴ፣ የአባቴን ፈረስ ጭራ ከፊቴ እያየሁ ልሂድ። ሌላ ስጦታ ከማንም አልፈልግም” ነው ያለችኝ። አንቺ ብትሆኚ እንቢ ትያታለሽ?

ጠጂቱ፦ እሷ ጭራውን ልታይ፣ አንተ ምላሱን ልትቆርጥ።

አንዳርጌ፦ ለአንድ ቀን! ለአንድ ቀን ብቻ!

ጠጂቱ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። በል ና፣ እዚያ የገብስ ጆንያ ላይ ቁጭ በል። ስትጭነው እንዴት አድርገህ እንደምትጭነው ከመጀመሪያው ንገረኝ።

አንዳርጌ፦ ፈረስ መጫን እንግዲህ አሁን ልማር? እንደ ሰው ነዋ የምጭነው! ኮርቻውን አደርጋለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ ልጓሙን አስገባለሁ፣ ከዚያ የጌጥ ልብሱን፣ ግላሱን አለብሰዋለሁ።

ጠጂቱ፦ የትኛውን ግላስ?

አንዳርጌ፦ የአለኸኝን ነዋ። ቀዩን፣ ዙሪያውን ቃጭል ያለውን። ለወንድሜ ፈረስ አሮጌ አቡጀዲ ላልብስለት ኖሯል?

ጠጂቱ፦ የቀብሩ ዕለት የለበሰውን?

አንዳርጌ፦ እና? አሳጥቤዋለሁ እኮ። ሁለት ጊዜ በሳሙና!

ጠጂቱ፦ ሳሙናው ቃጭሉንም አጠበልህ?

አንዳርጌ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ጠጂቱ፦ ያን ዕለት አስታውሰው እስኪ። ባዶ ኮርቻ ጭናችሁ፣ ያንን ግላስ አልብሳችሁ፣ ለቅሶ ሜዳውን ሦስት ጊዜ አዞራችሁት። ሴቱ ደረት ይመታል፣ አስለቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፣ ወንዱ ጥይት ይተኩሳል። እሱ አንድ እግር ባነሣ ቁጥር ቃጭሉ ይጮኻል፣ ዞር ብሎ ያያል፣ ጌታው የለም።

አንዳርጌ፦ ክብር እኮ ነው! ከጥንት የመጣ ክብር!

ጠጂቱ፦ ለሟች ክብር ነው፣ ለእኛም ወግ ነው። ለፈረሱ ግን ማን ነገረው?

አንዳርጌ፦ ኧረ ተይ እትዬ። ፈረስ ይህን ሁሉ አያወጣም አያወርድም።

ጠጂቱ፦ ግላሱን ይዘኸዋል?

አንዳርጌ፦ ይኸው እዚህ ከረጢት ውስጥ ነው።

ጠጂቱ፦ አውጣው። ወደ እሱ አትሂድ፣ እዚሁ እንደተቀመጥክ ነቅነቅ አድርገው። ዓይንህ ግን ደጁ ላይ ይሁን።

አንዳርጌ፦ ይኸው፣ ነቀነቅኩት። ምን ሊሆን ነው?

ጠጂቱ፦ ጆሮውን አየኸው?

አንዳርጌ፦ ወደ ኋላ ጣለው።

ጠጂቱ፦ ትከሻውስ?

አንዳርጌ፦ ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ዝንብ ይሆናላ።

ጠጂቱ፦ አዎ፣ ቃጭል ያሰረች ዝንብ። እስኪ ድገምላት።

አንዳርጌ፦ አልደግምም። በቃኝ። ወይ እኔ ድንጋዩ! ለሠርግ ላበቃው ብዬ በየቀኑ ቀብር እወስደው ኖሯል።

ጠጂቱ፦ ድንጋይስ አይደለህም። ድንጋይ ግላስ አያሳጥብም።

አንዳርጌ፦ ታዲያ አንቺ የፈረስ መድኃኒት አይደለሽ? ዛሬና ነገ አለልሽ። ቃጭሉን አለማምጂልኝ።

ጠጂቱ፦ ፈረስ በሁለት ቀን ይሰበር ይሆናል እንጂ አይገራም። ቃጭሎቹን ከግላሱ ፈትቼ እዚህ የገብስ መስፈሪያው ላይ አስራቸዋለሁ። ዳማው ሲጮኹ በሰማ ቁጥር ገብስ ይመጣል። ሲውል ሲያድር “ቃጭል ማለት ምሳ ነው” ይላል። ለዛሬ ወር እንጂ ለእሑድ አይደርስም።

አንዳርጌ፦ ቃጭል የሌለው ግላስ! ሰው ምን ይለኛል?

ጠጂቱ፦ መሬት ላይ ተዘርግተህ ሲያይህ ከሚለው ያነሰ ነው የሚልህ።

አንዳርጌ፦ ምላስሽ ከዚያ ልጓም በምን ይሻላል? እሺ፣ ፍቺው።

ጠጂቱ፦ እፈታዋለሁ። በል አሁን ያለ ግላስ ውጣበት፣ አካሄድህን ልየው።

አንዳርጌ፦ አሁን?

ጠጂቱ፦ አይ፣ ለፋሲካ።

አንዳርጌ፦ መንገዱ ላይ ሰው ይበዛል።

ጠጂቱ፦ አንዲት በርበሬ ሻጭ ናት፣ እሷም ተኝታለች።

አንዳርጌ፦ ጉልበቴንም ትንሽ ያመኛል፤ ደግሞ ፀሐዩ...

ጠጂቱ፦ ከሠርግ ቤት ጠጅ ሲጠሩህ ይህ ሁሉ ሕመም የት ይሄዳል? ቆይ፣ እኔ ልየው። ይኼ ኮርቻ... አንዳርጌ፣ ይኼ እርካብ በማን ልክ ነው የተንጠለጠለው?

አንዳርጌ፦ እንደነበረ ነው። ምን ሆነ?

ጠጂቱ፦ እንደነበረማ የአለኸኝ ነው። አለኸኝ እኮ ባሕር ዛፍ ነበር። አንተ ደግሞ...

አንዳርጌ፦ እኔ ደግሞ ምን?

ጠጂቱ፦ መልከ መልካም ነህ።

አንዳርጌ፦ አጭር በይውና ይውጣልሽ!

ጠጂቱ፦ እኔ ምን አልኩ? እርካቡ ነው ያለው። ስትወጣበት እግርህ ይደርሳል?

አንዳርጌ፦ ጣቴ ነካ ያደርገዋል።

ጠጂቱ፦ እንዳትወድቅ ብለህ ታዲያ ጎኑን በተረከዝህ ጨምቀህ ትይዛለህ።

አንዳርጌ፦ በምን ልያዝ ታዲያ? በጥርሴ?

ጠጂቱ፦ ፈረስን ጎኑን ስትጨምቀው ምን ማለትህ ነው?

አንዳርጌ፦ ሂድ ማለት ነው።

ጠጂቱ፦ ይሄዳል። አንተ ደንግጠህ ዛቡን ትስባለህ። ያስ?

አንዳርጌ፦ ቁም... ማለት ነው።

ጠጂቱ፦ ቃጭሉ አልቅስ ይለዋል፣ ተረከዝህ ሂድ ይለዋል፣ እጅህ ቁም ይለዋል። እኔም ብሆን ጥዬህ ድርቆሼን ልበላ እሄድ ነበር።

አንዳርጌ፦ ዳማዬ፣ ይቅር በለኝ እንግዲህ።

ጠጂቱ፦ ይቅርታውን ተወውና እርካቡን አሳጥረው። አንተ የፈረሰኛ ልጅ ይህ ጠፍቶህ ነው? ዘለበቱን ለምን ከፍ አላደረግኸውም?

አንዳርጌ፦ ከዚያ በላይ ቀዳዳ የለውም። የመጨረሻው ቀዳዳ የእሱ ነው።

ጠጂቱ፦ አንድ ቀዳዳ መብሳት እኮ ነው፣ ምራቅ ሳትውጥ ያልቃል።

አንዳርጌ፦ አይነካም።

ጠጂቱ፦ እንዴት አይነካም?

አንዳርጌ፦ አይነካም አልኩሽ እኮ! ዘለበቱ ጠፍሩ ላይ የረገጠበት ምልክት አለ፣ አይተሽዋል? የአለኸኝ ልክ ነው። ኮርቻው ቤቴ ተሰቅሎ ሳየው፣ አሁን ወርዶ ውኃ ሊጠጣ ጎራ ያለ ይመስለኛል። ሌላ ቀዳዳ ከበሳሁበት የእኔ ሆነ ማለት ነዋ። በቃ፣ እሱ አይመጣም ማለት ነው። ምን ታዪኛለሽ? ሳቂ እንጂ። ቅድም ስትስቂ አልነበር?

ጠጂቱ፦ አልስቅም፣ ወንድሜ። ጠፍሩን ወደ ታች ሳብ አድርገህ ከእሱ ቀዳዳ በታች ያለውን እየው።

አንዳርጌ፦ ሌላ ቀዳዳ አለ፣ አውቀዋለሁ። የሠሪው ስሕተት ነው።

ጠጂቱ፦ ሠሪው ባሌ ነው፣ አልተሳሳተም። እሱ የአባታችሁ ልክ ነው። አባታችሁ ከአለኸኝም ይረዝሙ ነበር። ሲሞቱ ኮርቻው ለአለኸኝ ደረሰ፣ እሱም ይዞት እዚህ መጣ። አንተ ቆመህ ከምትከራከረኝ ቦታ ላይ ቆሞ፣ “የአባዬን ልክ አልነካም” ብሎ ባሌን ግማሽ ቀን አደረቀው።

አንዳርጌ፦ አለኸኝ?

ጠጂቱ፦ አለኸኝ። ባሌ ሲበሳለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። “ምነው?” ስለው “ጭስ ገባብኝ” አለኝ። እሳት አልነበረንም።

አንዳርጌ፦ ለእኔ አንድም ቀን አልነገረኝም።

ጠጂቱ፦ ታላቅ ወንድም ለታናሹ እንዲህ ያለውን መቼ ይናገራል?

አንዳርጌ፦ ያን ዕለት ማታ እየጋለበ ነው የመጣው። ትዝ ይለኛል። እንደዚያ ሲጋልብ አይቼው አላውቅም ነበር።

ጠጂቱ፦ እግሩ ደርሶለት ነዋ።

አንዳርጌ፦ በይ ልኬን ውሰጂ።

ጠጂቱ፦ ጠጋ በል። ኮርቻው ጋ ቁም። እርካቡን ብብትህ ሥር አስገባ፣ ክንድህን ዘርጋ። ጣትህ ኮርቻውን ሲነካ ልክህ እሱ ነው። ዳማው፣ ቁም የእኔ ጌታ፣ ቁም። አየህ? ሲያሸትህ እንኳ አልሸሸም።

አንዳርጌ፦ እዚህ ጋ ነው። ከአለኸኝ ቀዳዳ አራት ጣት ከፍ ይላል።

ጠጂቱ፦ አምስት ነው፣ ግን አራት እንበለው። ያዝልኝ፣ ልብሳው።

አንዳርጌ፦ አይ፣ እኔው ራሴ ልብሳው። ወስፌውን ስጪኝ። ይኼ ጠፍር ግን ደርቋል እኮ እትዬ፣ ሠሪዎቹ እናንተ፣ ቅባት አትቀቡትም?

ጠጂቱ፦ ጠፍር የሚቀባው ባለቤቱ ነው።

አንዳርጌ፦ እሺ። ከዛሬ ጀምሮ እቀባዋለሁ።

ጠጂቱ፦ በል ወስፌውን ጫን በለው፣ አትፍራ። አንዲት ነገር ብቻ አስታውስልኝ፣ የእኔ ጌታ፤ የአባትህንና የአለኸኝን ቀዳዳዎች ማንም እንዳይደፍናቸው፣ ትርንጎ የምትወልደው የማንን እግር ይዞ እንደሚመጣ አናውቅም።