ከሮቦቱ ላይ የተቆረጠው ፈትል

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠው ወጣት ያወራሉ።

«የሰፈራችን ልጆች ተሰባስበው ሮቦት መሥራታቸውን ሰምተሃል?»

«ኤግዚቢሽኑ ላይ የቀረበውን ነው፣ እማማ? አይንቀሳቀስም ሲሉ ሰማሁ።»

«ማነው አይንቀሳቀስም ያለው? እኔ ቤት ከጓዳ እስከ ደጃፍ ይሄድ ነበር! ሞተሩን ከተበላሸ ቴፕ አወጡ። ከሞተሩ ጎማውን የሚያዞር ቺንጋ ቢያጡ ደግሞ እኔ የበግ ጠጉር ፈትዬ፣ አክርሬ ሰጠኋቸው።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

«የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊው ነዋ! ‹ከዞን እንግዳ ፊት የበግ ጠጉር? ኋላ ቀር ልታስብሉን ነው?› ብሎ ፈትሉን በምላጭ ቆርጦ ሪባን አሰረበት።»

«ሪባን ጎማ ያዞራል እንዴ?»

«ልጆቹስ ይህንኑ እየጮሁ አይደል? ማን ይስማቸው! ሮቦቱ እንደ ሐውልት ተገትሮ፣ እሱ ማይክ ይዞ የቡድኑን ታሪክ ይተርካል። ‹ጽሕፈት ቤታችን ያፈራቸው ልማታዊ ወጣቶች› ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ!»

«እርስዎን እንኳ አላመሰገነም?»

«ማመስገኑ ቀርቶ፣ ‹ያንን የለበሱትን የበግ ጠጉር ባና አውልቀው ከኋላ ይቀመጡ› አለኝ!»

ብርዱን ችዬ በፌስታል ሸሽጌ የያዝኩትን የሱፍ ባና አውጥቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁት።