የነካ ያንቀሳቅስ

ና ኸይሩ፣ ተቀመጥ። ሻሂህን በግመል ወተት አዝዤልሃለሁ። የዛሬው አቧራ ለጉድ ነው፤ ከሼክ ኑር ሰፈር እዚህ ድረስ በባጃጅ ስመጣ ነጩ ሸሚዜ ቡኒ ሆነ... አይ፣ ላርመው፤ ሸሚዙ ድሮም ነጭ አልነበረም። ጡረታ የወጣ መምህር ነጭ ነገሩ ፀጉሩ ብቻ ነው።

በል የቼዝ ጠጠሮቹን ደርድር፤ ነጩን አንተ ያዝ። ግን አትቸኩል። ትዕግሥት ምን ያህል ውድ ነገር መሰለህ! ለእኔ ትዕግሥትን ያስተማረኝ እዚሁ ሀርጌሳ ያለ አንድ ወጣት ነው። ስሙን አልጠራም። ስም ከጠራሁ ሐሜት ይሆናል፤ ካልጠራሁ ግን ትምህርት ነው፤ አይደለም እንዴ?

እንዴት ያለ ልጅ መሰለህ... ጨዋ፣ ቢሮ የሚውል፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ሰላምታ የሚሰጥ። እዚሁ ሻሂ ቤት ሲጫወት አይቼዋለሁ። ፈረሱን በሁለት ጣቱ ያነሳል፣ አየር ላይ ይይዘዋል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ስልኩን ያያል... ከዚያ ወደ ቦታው መልሶ «ላስተካክለው ብዬ ነው» ይላል። በቼዝ ሕግ የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ መሆኑን ታውቃለህ። «ላስተካክል ነው» የሚባለውም ከመንካት በፊት እንጂ ከነኩ በኋላ አይደለም። እሱ ግን ምን ያድርግ? የሥርዓት ሰው ነው፤ ሁሉን ነገር ሲያስተካክል ይኖራል።

ባለፈው ዓመት በሸዋል ወርም የእህቴን ልጅ ዊዳድን ነካ... አስተግፊሩላህ! ላርመው፤ ስሟን አነሳ ማለቴ ነው። ሽማግሌ ላከ፣ ለቃል ማሰሪያው ፋቲሓ ተቀራ፣ እኔም በዚህ አንደበቴ አሚን አልኩ። ከዚያስ? ከዚያማ ያስባል። ዐረፋ አለፈ፤ ያስባል። ረመዳን ገብቶ ወጣ፤ ያስባል። ሽማግሌዎቹ ሄደው ቢጠይቁት «ጉዳዩ ፕሮሰስ ላይ ነው» አላቸው። አንደኛው ሽማግሌ ቃሉን ስላላወቁት ሕመም መስሏቸው «አላህ ያሽርህ» ብለውት ተመለሱ።

የሃይማኖታችንን ሥርዓት ደግሞ አንተም ታውቃለህ። ወንድምህ በጠየቃት ላይ አትጠይቅ ይላል፤ የፊተኛው እስኪተው ድረስ። ስለዚህ ሌላ ጨዋ ሰው ቢመጣ እንኳ ከደጃፍ ይመለሳል። የፊተኛው ጣት ጠጠሩ ላይ ነዋ! እሱ አያንቀሳቅሰው፣ ሌላው አያነሳው... ቤተሰብን ሙሉ በሁለት ጣት ማቆም ጥበብ አይደለም ትላለህ?

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? እዚያ ጥግ ያለውን ሰው ሻሂ ትን አለው መሰለኝ። ውሃ አቀብሉት፣ ምስኪን። ቶሎ አይጠጣው እንጂ፣ አስቦ ይጠጣው።

ትንሽ ታሪክ ልጨምርልህ። በ1895፣ አይ፣ በእኛ 1887 ነው፣ ሀስቲንግስ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ሽታይኒትዝ የሚባለው አዛውንት ከአንድ ጀርመናዊ ጋር ገጠመ። ግንቡን አምጥቶ ከጀርመናዊው ንጉሥ አፍንጫ ሥር አቆመው። ንጉሡ ቢበላው ጀርመናዊው ይሸነፋል፤ ንግሥቲቱም ብትበላው ይሸነፋል። ንጉሡ ሸሸ፤ ግንቡ ተከተለው። ትምህርቱ ገባህ? ደፍሮ የቀረበውን ማንም አልነካውም። ጀርመናዊውስ? ተሸነፍኩ አላለም። ባርኔጣውን አንሥቶ... ስለ ባርኔጣው እንኳ ያነበብኩት የለም፣ ይቅር። ብቻ ተነሥቶ ከአዳራሹ ወጣ፤ ሰዓቱ ባዶ ወንበር ላይ ሲቆጥር ቀረ። የእኛው ልጅ ግን ከእርሱ አይሻልም? ወጥቶ አልሄደም። ተቀምጦ ነው የጠፋው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ብቻ እግር ባወጣ ጊዜ ዶሮዋ ቤት ለውጣ ቢያገኛትስ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውም ልክ ነው። ያልቸኮለው ግን የሚለቅመውን ከየት ያመጣል?

አንተ አልሰማህም እንዴ? ዊዳድ ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቹን ጠርታ «ጣቱን አንሡልኝ» አለች። ያመጣውን ሽቶና ሻሽ ሳይከፈት መለስንለት፤ ፋቲሓውም በአክብሮት ፈረሰ። በነጋታው ዓብዲዓዚዝ ሽማግሌ ላከ። የሚኒባስ ሹፌሩ ዓብዲዓዚዝ፤ መቆም የማይወደው! የአገራችንን የጥንት ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ሳያውቅ አይቀርም፤ እዚያ በጅማሬው ላይ ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱም እኩል ያንቀሳቅሳሉ። ከመግሪብ በፊት ኒካሑ ታሰረ፤ ማታውኑ ሰርግ በላን። ዊዳድም፣ ማሻአላህ፣ ስትስቅ ጥርሷ እንዲህ ያማረ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ኧረ ተጫወት፣ ተራው ያንተ ነው! ለዚያ ለታጋሹ ልጅ ግን ቅር የሚለን ነገር የለም፤ ሰርጉ ላይም ከፊት ረድፍ አስቀምጠነዋል። እስኪ ዱዓ ላድርግለት፤ አንተ አሚን በል፣ ጥግ ያለው ወንድማችንም ጉሮሮው ከተሻለው አሚን ይበል... አላህ ዕድሜውን እንደ ሐሳቡ ያርዝምለት። የዊዳድን ልጆች ሰርግ ያብላው፤ የልጅ ልጆቿንም አቅፎ ይመርቅ። እሱ የሚወስንበትን ያን የተባረከ ቀን ደግሞ፣ እኛ ባንደርስበት እንኳ፣ ለእነርሱ ያሳያቸው።