በምሰሶው ሳንቃ ውስጥ

አዲስ አበባ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፤ ጠላት በሚያሠራው ግዙፍ የመንግሥት ዋና መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሠራተኛው ለምሳ ወርዶ ሳለ፣ ሽማግሌው ግንበኛ ወልደሰንበትና የእህታቸው ልጅ ጉልላት ሲሚንቶ በሚሞላበት ሰፊ የምሰሶ ሳንቃ አፍ ላይ ቆመው ይከራከራሉ፤ ሳንቃው ውስጥ የሥራ አለቃቸው፣ ጣሊያኑ ካቦ፣ ወድቋል።

ወልደሰንበት፦ አካፋውን አንሳ። የተቦካው ሲሚንቶ ሳይደርቅ እንሙላበት እያልኩህ ነው።

ጉልላት፦ ይተነፍሳል፣ ጋሼ።

ወልደሰንበት፦ በመዶሻ አናቱን ብለኸው ምን ይተነፍሳል?

ጉልላት፦ ጎንበስ ብለው ይስሙ። የምሰሶው ብረት ትከሻውን በስቶት ወጥቷል። ደሙ በሳንቃው ሥር እየፈሰሰ ነው። ግን ይተነፍሳል።

ወልደሰንበት፦ እንግዲያው ፍጠን። ከምሳ ሲቀር ጓደኞቹ ይፈልጉታል።

ጉልላት፦ አልችልም።

ወልደሰንበት፦ መምታቱን ችለህ?

ጉልላት፦ እርስዎን መሬት ላይ ጥሎ በጫማው ሲረግጥዎ እያየሁ ምን ላድርግ? ጥርስዎ ሲረግፍ ቆሜ ልይ?

ወልደሰንበት፦ የኔን ጥርስ ተወው። የካቲት ላይ ያደረጉትን አይተሃል። አንድ ሹማቸው ቢቆስል ሰዉን በአካፋና በዶማ ፈጁት፣ ጎጆውን ከነሰዉ አቃጠሉት። ለዚህም ብለው እታች ያለውን ሠራተኛ በሙሉ ግድግዳው ሥር አሰልፈው ይረሽኑታል። ሬሳው ካልተገኘ ግን ከድቶ ጠፋ ይሉታል።

ጉልላት፦ ሽብሩን ረሱት?

ወልደሰንበት፦ ወንድምህን እንዴት እረሳዋለሁ? እኔ አይደለሁም ወይ ለሥራ ያስገባሁት?

ጉልላት፦ የመሠረቱ ጉድጓድ ሲናድ አፈሩ እግሩን ብቻ ነበር የያዘው። ደህና ነበር፣ ይናገር ነበር። ይሄ ሰውዬ ሥራው አይቆምም ብሎ ሲሚንቶውን አስገለበጠበት። እኔን ሁለት ወታደሮች ይዘውኛል። ሽብሩ መጀመሪያ ስሜን ጠራ። ከዚያ ሳለ። ከዚያ ዝም አለ።

ወልደሰንበት፦ ታዲያ ገዳዩ እጅህ ገባልህ። ምን ትጠብቃለህ?

ጉልላት፦ አሁን እሱም ሲስል ሰማሁታ። ያው ሳል ነው፣ ጋሼ።

ወልደሰንበት፦ ዞር በል። እኔ እሞላዋለሁ።

ጉልላት፦ አካፋውን ይልቀቁ።

ወልደሰንበት፦ አንተ ልቀቅ። እህቴ ሁለት ልጅ ቀብራ አትኖርም።

ጉልላት፦ ቢፈልጉ እጄን ይስበሩት እንጂ አልለቅም።

ወልደሰንበት፦ ልጄ፣ በመዶሻ ስትመታው ይሄ ሁሉ ርኅራኄ የት ነበር?

ጉልላት፦ አልራራሁለትም። ደግሞ ቢነሳ ደግሜ እመታዋለሁ። ከነነፍሱ መቅበር ግን የሱ ሥራ ነው። ይሰማዎታል?

ወልደሰንበት፦ ምኑ?

ጉልላት፦ አኳ፣ አኳ እያለ ነው። ውሃ ነው የሚለው።

ወልደሰንበት፦ ሰማሁት።

ጉልላት፦ በሉ እንግዲህ፣ ለቅቄያለሁ። ይሙሉት።

ወልደሰንበት፦ አምጣው። ይኸው፣ ዛቅኩለት።

ጉልላት፦ ምነው ቆሙ?

ወልደሰንበት፦ ውሰደው አካፋህን። እጄ እምቢ አለኝ። ይኸው፣ በአንተ ጦስ ሁላችንም አለቅን።

ጉልላት፦ ብንሞላውም እኮ ደሙን ማየታቸው አይቀርም። ወለሉ ሁሉ ደም ነው። ከዚህ ግቢ መውጣት ነው ያለብን፤ ሁላችንም፣ አሁኑኑ። እንጦጦን ከተሻገርን አርበኞቹ አሉ።

ወልደሰንበት፦ በሩ ላይ ሁለት ወታደሮች አሉ፣ ከነመትረየሳቸው።

ጉልላት፦ ሲወድቅ ሽጉጡ አምልጦት ነበር። ይኸው፣ ጥይቱ ሙሉ ነው። እኔ እወርዳለሁ።

ወልደሰንበት፦ አንተን ሽብሩ ከሞተ ጀምሮ በዓይነ ቁራኛ ነው የሚጠብቁህ። ገና ደረጃው ላይ ስትታይ ይጥሉሃል። ሲጋራ ሊለምን የሚጠጋ ሽማግሌ ግን ይስቁበታል እንጂ ጠመንጃ አያነሱበትም።

ጉልላት፦ ጋሼ፣ እርስዎ ተኩሰው ያውቃሉ?

ወልደሰንበት፦ ማይጨው ለምን የሄድኩ ይመስልሃል? ሽጉጡን ወዲህ በለው። አንተ ውረድና ሰዉን አዘጋጅ። የመጀመሪያውን ተኩስ ስትሰማ ይዘሃቸው ወደ በሩ ሩጥ፤ ሁለተኛውን አትጠብቅ።