ወፍራሙ ቤዝና የዕቃ ቤቱ በር

በመድኃኒት ቅመማ ክፍል ጠርሙስ አጣቢ ነኝ። ባልደረቦቼ በርሜል ይሉኛል። ደረጃ ስወጣ ሕንጻው አንድ ጣት ይሰምጣል፤ ያላመነ ይለካ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ባቋርጥም ጆሮዬ አላቋረጠም።

አንድ ጠዋት የጋሼን ነጭ ጋውን ከዕቃ ቤት ላመጣ ስወርድ፣ አዛውንቱን ቀማሚ ጋሼን ራሳቸውን ከዩኒቨርሲቲ ከመጣችው የእህታቸው ልጅ ጋር ደረጃው ላይ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ጋሼ የመጨረሻዋን የጥሬ ዕቃ ጠርሙስ ታቅፈዋል። ቅመማው ሁለት ጊዜ ከሽፎባቸዋል፤ ይቺም ከባከነች ክፍሉ ይዘጋል።

«አጎቴ፣ እባክዎ ኮስቲክ ሶዳውን ይተዉት» አለች።

«ሠላሳ ዓመት ያልከዳኝን?»

«ብርቱ ነው፤ ግን ትንሽ ነው። እኛ የምንፈልገው ከጥሬ ዕቃው ሞለኪውል ዳር ያለችውን ሃይድሮጅን ነጥቆ እንዲሄድልን ነበር። እሱ ሾልኮ ብሮሚን የያዘው ካርቦን ዘንድ ይገባና ብሮሚኑን አባሮ ቦታውን ይይዛል።»

«ታዲያ ምን ይሁን ትያለሽ?»

«በጉልበት የሚበልጠው፣ አካሉም ግዙፍ የሆነ ሌላ ሃይድሮጅን ነጣቂ፣ ማለትም ቤዝ፣ አለ፤ ፖታሲየም ተርት ቡቶክሳይድ ይባላል። ውፍረቱ ወደ ውስጥ አያስገባውም። ሃይድሮጅኗን ከደጅ ይወስዳል፤ ያኔ ብሮሚኑም ለቆ ይሄዳል፤ ቦታውን የሚይዝ ስለሌለ ሁለቱ ካርቦኖች በድርብ ይያያዛሉ። የምንፈልገውም ይህን ድርብ ትስስር ነው።»

«ወፍራም ስለሆነ ይሻላል? እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ ልጄ።»

ወሬ ሲሞቅ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ጋሼ፣ ጋውንዎን እንዳመጣ ሁልጊዜ እኔን የሚልኩኝ ለምንድን ነው? ቀጭኑ ባልደረባዬ አለ አይደል?»

«እሱማ በመደርደሪያዎቹ መሃል ሾልኮ ጥግ ያለው ሶፋ ላይ ይጋደማል። አንድ ቀን እስከ ምሳ ፈልገነዋል። አንተን ግን በሩ ስለማያስገባህ፣ ደፉ ላይ ቆመህ ጋውኔን በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ታነሣና...»

አልጨረሱትም። ሆዴን አዩ፤ ልጅቱን አዩ፤ ጠርሙሷን አዩ።

«የት አለ ይኼ ቤዝሽ?»

«እርጥበት አይወድም፤ መጀመሪያ የመቀመሚያ ዕቃውን ላድርቅ። ሶዳውንም አይጣሉት አጎቴ፣ ለሌላ ሥራ ይሆነናል።»

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ከውጤቱ ጠብታ ወስደው ብርቱካንማው የብሮሚን ውሃ ላይ ጨመሩ። የተፈለገው ድርብ ትስስር ከተገኘ ቀለሙ ይጠፋል፤ ባለፉት ሁለት ጊዜያት ግን ንቅንቅ አላለም ነበር። ብልቃጧን ሲወዘውዟት ቀለሙ ጠፍቶ ውሃው ጠራ። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የውፍረት ጥቅሙ ይህ ነው፤ ጥሬ ዕቃው አልባከነም፣ ክፍሉም አልተዘጋም። ጋሼም ዛሬ ቅመማ እምቢ ሲላቸው ኃይል ከመጨመራቸው በፊት «መግቢያው ምን ያህል ይሰፋል?» ብለው ይጠይቃሉ።

በአዲሱ ቤዝ ጠርሙስ ላይ ያን ረጅም ስም መጻፍ ሰልችቷቸው በእጃቸው ያሰፈሩት አንድ ቃል ነው፦ «በርሜል»። ከዚያ ወዲህ ምሳ ቀንስ ያለኝ ሰው የለም።