ያልተደበቀ ጥፋት

ከሞጣ ወደ ቢቸና ስመለስ በሚኒባሱ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አቶ ፈረደ ይባላሉ። ቢቸና ላይ ጋራዥ ሲመሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሞጣ የሄዱትም እዚያ ጋራዥ የምትመራውን ልጃቸውን ንግስትን ሊጠይቁ ነበር።

«ልጄ ጎበዝ መካኒክ ናት፤ አለቅነቱ ግን አልሆነላትም» አሉኝ። «ሠራተኛ ሲያጠፋ ምን ሆነህ ነው ብላ ትጠይቃለች እንጂ አትቆጣም። እስቲ መምህር፣ በሬ ያለ ጅራፍ ያርሳል?»

«ተማሪም የሚፈራውን መምህር አይጠይቅም፤ ሳይገባው ገባኝ ይላል» ብዬ ክርክሩን ስጀምር የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። አዳመጠና ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ ዳር ይዞ ቆመ።

«እባካችሁ ውረዱ። ጎማ ከቀየርሁበት ከንግስት ጋራዥ ደውለው የኋላው ጎማ ቡሎን አልጠበቀም አሉኝ።»

ወርደን ስናየው ቡሎኖቹ በጣት ይዞራሉ። ከፊታችን ቁልቁለት ነው። አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

ንግስት ጎማውን ከቀየረው መካኒክ ከባዘዘው ጋር በፒካፕ ደረሰች፤ ተሳፋሪውንም ይቅርታ ጠየቀች። ባዘዘው ቀድሞ በአቶ ፈረደ ሥር የሠራ ሰው ነው።

«ይኸን ሰው ዛሬውኑ አሰናብቺው» አሉ አባቷ።

«አባባ፣ ጥፋቱን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። ሌላ መኪና ሲመጣ ሥራውን አቋርጦ ነበርና ትዝ ሲለው ሮጦ መጣ። ባይናገር ማን ያውቅ ነበር?»

«ቢፈራሽ ኖሮ መጀመሪያውኑ አያጠፋም ነበር። በሬ ያለ ጅራፍ አያርስም።»

«የሚፈራም ያጠፋል። በሬ ጥፋቱን አይደብቅም፤ ሰው ግን ይደብቃል። እኔም በዋዛ አላልፈውም፤ ከእንግዲህ አንዱ ያሰረውን ሌላው ሳያየው መኪና ከግቢ አይወጣም።»

አቶ ፈረደ ወደ ባዘዘው ዞሩ። «እውነቱን ንገረኝ። አለቃህ እኔ ብሆን ትነግረኝ ነበር?»

ባዘዘው አንገቱን ደፋ። «አልነግርዎትም ነበር፣ ጋሼ። ጎማው እንዳይወልቅ እየጸለይሁ ዝም እል ነበር።»

ሽማግሌው ቁልቁለቱን አዩ፤ ሣሩ ላይ የተቀመጠችውንም እናት አዩ። «እንግዲያ ጋራዡ በእኔ ቁጣ ቢመራ ኖሮ ገደል ገብተን ነበር» አሉ። «ልጄ፣ አንቺ ልክ ነሽ።»

በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ቃል ማውጣት ቀላል አይደለም፤ አከበርኋቸው። በእርግጥም ሠራተኛ አለቃውን ካመነ ችግሩን በጊዜ ይናገራል፤ አደጋው ሳይደርስ ይታረማል። የሚያውቀውን ለጓደኛው ከማካፈል አይሰስትም፤ ደንበኛም ተመልሶ ይመጣል። ሁልጊዜ የሚጮህ አለቃ ግን የሚሰማው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው።

ባዘዘው ቡሎኖቹን አጠበቀ፤ ንግስትም አንድ በአንድ ፈተሸቻቸው። ተሳፋሪው ግን ለመግባት አመነታ። ያን ጊዜ አቶ ፈረደ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀድመው ገቡና ልክ ከዚያ ጎማ በላይ ባለው ወንበር ተቀመጡ።

«ግቡ እንጂ» አሉ በመስኮቱ፤ «ያሠራችው የእኔ ልጅ ናት።»